አንድ ትንሽ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ

(በሐምሌ ወር ሐዋሳ ውስጥ፣ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ወጣቶች በተዘጋጀ የሽኝት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። እንደተነገረ ቀርቧል።)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ልጆቻችሁን ልትሸኙ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ? ከኋላ የቆማችሁ እባካችሁ ወደ ፊት ኑ፤ በቀኝ በኩል ባዶ ወንበሮች አሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ድምፄ ካልተሰማችሁ እጃችሁን አውጡልኝ፣ ጠብቄ እቀጥላለሁ።

ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድማችን ስለ ቪዛ፣ ስለ ባንክ ደብዳቤና ስለ ብርድ ልብስ በደንብ ነግረዋችኋል። እኔ እንድናገር የተጠየቅኩት ስለ አንድ ጠባብ ጉዳይ ነው። ጠባብ ቢሆንም ብዙ ጎበዝ ተማሪ እንቅልፍ ሲያጣበት አይቻለሁ።

ከሄዳችሁ በኋላ በአንደኛው ወይም በሁለተኛው ሴሚስተር አንድ መምህር ክፍል ገብቶ እንዲህ ይላችኋል፦ «ጥቂት ሰዎችን አነጋግራችሁ በቃለ መጠይቅ ላይ የተመሠረተ አጭር ጥናት ታቀርባላችሁ። ርዕሱን ራሳችሁ ምረጡ።» ይህች የመጨረሻዋ ቃል ለእኛ ልጆች እንግዳ ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ ርዕስ ሲሰጠን ነው የኖርነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጥያቄው ከመምህሩ፣ መልሱ ከእኛ ነበር። አሁን ጥያቄውን አምጡ ተባልን። ከየት ነው የምናመጣው?

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ርዕስን ከምን መጀመር እንዳለባችሁ። ሁለተኛ፣ ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ። ሦስተኛ፣ ስለ ጊዜና ስለ ፈቃድ። ሁለተኛው ይረዝምብኛል፤ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ወደ አንደኛው ልግባ። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ላይ ከዚህ ከተማ ተነሥቼ ኖርዌይ፣ በርገን ገባሁ። በርገን የኖርዌይ ሁለተኛዋ ትልቅ ከተማ ናት። በሰባት ተራሮች የተከበበች፣ በዓመት ከ200 ቀን በላይ ዝናብ የሚጥልባት፣ የዓሣ ገበያዋ ወደቡ ዳር ያለ ከተማ ናት። እኔ ደግሞ የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ፤ ውሃ ያለበት አገር ስለደረሰኝ አምላኬን አመሰገንኩ።

ያ የቤት ሥራ ሲሰጠን ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ አራት ገጽ ዕቅድ ጻፍኩ። ርዕሱ «የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ማንነትና ማኅበራዊ ውህደት በአውሮፓ» የሚል ነበር። ኮርቼበታለሁ። አማካሪዬ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ፤ በዚያ አገር ልማድ በስማቸው ብቻ እንድጠራቸው ቢነግሩኝም አንድም ቀን አልሆነልኝም። አራቱን ገጽ ዝም ብለው አነበቡ። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና «አውሮፓ ስንት አገር ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እርሳሱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና ቀጠሉ። «ማንን ነው የምታነጋግሪው?» «ኢትዮጵያውያንን» አልኩ። «የትኛዋን ኢትዮጵያዊት? የት ተቀምጣችሁ? መቼ? የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት የምታንኳኪው በር የማን ነው?»

ወገኖቼ፣ በዚያ አራት ገጽ ውስጥ አንድም በር አልነበረም። ንድፈ ሐሳብ ነበረ፣ ከመጻሕፍት የተቀዳ ጥቅስ ነበረ፣ ትልልቅ ቃላት ነበሩ። የሚንኳኳ በር ግን አልነበረም። ስለዚህ የመጀመሪያው ነጥቤ ይኸው ነው፦ ርዕሳችሁን ከሐሳብ አትጀምሩ፣ ከሰው ጀምሩ። ማንን? የት? መቼ? እነዚህን ሦስቱን መመለስ ካልቻላችሁ የያዛችሁት ምኞት ነው፤ ርዕስ ገና አላገኛችሁም።

ለምን ይሆን ትልቅ ርዕስ የምንወደው? እኔ ብዙ አስቤበታለሁ። ትልቅ ርዕስ ለአገር ክብር መስጠት ይመስለናል። አንዳንዳችሁ ያገኛችሁት ዕድል ከመቶ አመልካች መካከል ተመርጣችሁ ነው፤ የአንዳንዳችሁ ቤተሰብ ለአውሮፕላን ቲኬት ተበድሯል። እንዲህ የተላከ ልጅ «ስለ ስልክ ወሬ አጠናሁ» ብሎ መመለስ ይከብደዋል። ድህነትን፣ ስደትን፣ ዲሞክራሲን አጥንቶ መመለስ ይፈልጋል። ይህን ስሜት አልነቅፍም፤ እኔም ተሸክሜው ሄጃለሁ። ነገር ግን ቃለ መጠይቅ እንደ መረብ ነው። የቀዳዳው ስፋት የሚይዘውን ዓሣ ይወስነዋል። ስምንት ሰው ጠይቃችሁ አውሮፓ ምን እንደሆነች ማወቅ አትችሉም። ስምንት ሰው ጠይቃችሁ ግን አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ፣ መጀመሪያ ምን እንደሚደረግ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ፣ ሰውየው ያን ሲያደርግ ምን እንደሚሰማው በጥልቀት ማወቅ ትችላላችሁ።

ከራሳችን ከተማ ምሳሌ ልስጥ። የኢንዱስትሪ ፓርካችን በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስንት ተማሪ «ፓርኩ በወጣት ሴቶች ሕይወት ላይ ያስከተለው ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ተፅዕኖ» ብሎ ሲነሣ አይቻለሁ! ይህ መልካም ጥያቄ ነው፤ ለመመለስ ግን የደመወዝ መዝገብ፣ ሰፊ የናሙና ጥናት፣ ብዙ ባለሙያና ዓመታት ይፈልጋል። አሁን አንድ የኪራይ ክፍል አስቡ። ከገጠር የመጡ አራት ልጆች አብረው ይኖሩበታል። ሁለቱ የጠዋት ፈረቃ፣ ሁለቱ የማታ ናቸው። ኪራዩን እንዴት ይካፈላሉ? ከሰሉን ማን ይገዛል? አንዷ ተኝታ ሌላዋ ወጥ ስትሠራ መብራቱ እንዴት ይሆናል? አንዷ ከሥራ ብትወጣ ድርሻዋን ማን ይሸፍንላታል? ማንን? እነዚህን ልጆች። የት? በክፍላቸው ደጃፍ። መቼ? እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ ሲያጥቡ። ይህን በቅጡ የጠየቀ ተማሪ ስለ ደመወዝም፣ ስለ ኑሮ ውድነትም፣ ስለ እኅትማማችነትም ሳይጠይቅ ይነገረዋል።

«ስንት ሰው ይበቃል?» ትሉኛላችሁ። ሁልጊዜ የምጠየቀው ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ግሬግ ጌስት፣ አርዌን በንስና ሎራ ጆንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በጋና እና በናይጄሪያ ከ60 ሴቶች ጋር የተደረጉ ቃለ መጠይቆችን ወስደው ከስንተኛው ሰው በኋላ አዲስ ነገር መምጣት እንዳቆመ መልሰው ፈተሹ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ነገር በ12 ሰው ውስጥ ተገኝቷል፤ ዋና ዋናዎቹ ጭብጦች ደግሞ በ6 ሰው ውስጥ ታይተዋል። መምህራን ይህን ጥናት አዘውትረው ይጠቅሱላችኋል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ቁጥሩ የሠራው ሴቶቹ በብዙ ነገር ስለሚመሳሰሉ፣ የተጠየቁትም ተመሳሳይ ጥያቄ ስለነበረ ነው። ስድስት የማይገናኙ ሰዎችን ሰብስባችሁ ስድስት የተለያየ ጥያቄ ብትጠይቁ ስድስት ወሬ ትሰሙ ይሆናል እንጂ ጥናት አይወጣችሁም። ርዕሱን የምታጠቡት ጥቂት ሰው እንዲበቃችሁ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ አጠያየቁ። እዚህ ላይ ወደ ልጅነቴ እንድመለስ ፍቀዱልኝ።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚህ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያሰግሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ማታ መረብ ጥለው ንጋት ላይ ያወጡታል። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወርጄ ቁርስ አደርስላቸው ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ዘበኛ ተገትረው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። እኔ «ጋሼ፣ ሥራ እንዴት ነው?» እላለሁ። «ተመስገን ነው።» አለቀ። ቀኑ ቢከፋም «ተመስገን»፣ ቢያምርም «ተመስገን»።

አንድ ቀን ግን፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ «ጋሼ፣ ዛሬ መረቡን ሲስቡት መጀመሪያ ያዩት ምንድን ነው?» አልኳቸው። በእጃቸው የያዙትን ቆሮሶ ጀልባው ጠርዝ ላይ አስቀመጡ። መረቡ በአንድ በኩል ቀልሎ እንደመጣ ነገሩኝ። ሌሊት ጉማሬ አልፎበት ቀዶታል። ክሩን ለመግዛት ከነጋዴ ተበድረዋል፤ ነጋዴው ደግሞ ብሩን ሳይሆን ዓሣውን ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ዕዳው እስኪያልቅ ለሌላ ሰው መሸጥ አይችሉም። ቢልጫ ከዓመት ዓመት ለምን እያነሰባቸው እንደመጣ፣ አምባዛ በየትኛው ወር ወደ ዳር እንደሚጠጋ ነገሩኝ። ትምህርት ቤት አርፍጄ ተገረፍኩ። ስለ ሐይቁ ኑሮ ግን በዚያች ጠዋት ያወቅኩትን ያህል በሕይወቴ ሙሉ አላወቅኩም።

ምን ተለወጠ? ሰውየው ያው ናቸው። ጠያቂዋ ያችው ናት። ጥያቄው ብቻ ተለወጠ። «እንዴት ነው?» ብላችሁ ኢትዮጵያዊን ስትጠይቁ ከአንገት በላይ ይመልስላችኋል፤ ጨዋነቱ ነው፣ ውሸት እንዳይመስላችሁ። እኛ ኑሮን ለማያውቁት ሰው አናማርርም። «ምን አየህ? ምን አደረግሽ? ከዚያስ?» ስትሉ ግን ወደ ራሱ ቀን ይመለሳል። አስተያየት አትጠይቁ። የሆነውን ጠይቁ። በጥቅሉ የሚሆነውን ሳይሆን፣ ባለፈው ጊዜ የሆነውን።

ይህን ከአጎቴ ተምሬ በርገን ላይ ረሳሁት። ይህን ስናገር አሁንም ያመኛል። ያንን ትልቅ ርዕሴን ይዤ፣ ፈቃዱ ገና ስላልመጣ ድምፅ ሳልቀርጽ፣ ለልምምድ ያህል አንዲት እናት ዘንድ ሄድኩ። ስማቸውን አልጠራም፤ እትዬ እላቸዋለሁ። በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ፣ አገሩን ለስድስት ዓመት የኖሩበት ሴት ናቸው። 31 ጥያቄ ጽፌ ነበር የሄድኩት። «እትዬ፣ ማንነትዎን እንዴት ይገልጹታል?» «ያው ኢትዮጵያዊት ነኝ፣ ልጄ።» «ከኅብረተሰቡ ጋር ያለዎት ውህደትስ?» «ተመስገን ነው። ሰዉ ጥሩ ነው።» 31ዱም ጥያቄ በ22 ደቂቃ አለቀ። ደብተሬን ዘጋሁ።

ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ የእትዬ ስልክ ጠራ። በኢሞ የሚደውሉት እናታቸው ናቸው። እትዬ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፣ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር፤ በርገን ላይ በዚያ ወር ፀሐይ የምትታየው ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ ውጭው ጨልሟል። እትዬ መጋረጃውን ሳብ አደረጉ፣ ሁለቱንም መብራት አበሩ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀመጡና «እማዬ! እንዴት ነሽ? እዚህማ ፀሐይ ነው፣ ብርሃን ነው!» አሉ። ሲጨርሱ ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ ጨለማ መኖሩን እናቴ አታውቅም» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው ርዕሴን ያገኘሁት። በአራት ገጽ ውስጥ ያጣሁት ነገር አንዲት ሴት መጋረጃ ስትስብ አየሁት።

«እትዬ፣ ይህን ብጽፈውስ?» ስል ጠየቅኳቸው። «የእኔን ተይው ልጄ። ሌሎቹን ግን ጠይቂ» አሉኝ። ተውኩት። ጽሑፌ ውስጥ አንዲት መስመር የእርሳቸው የለችም። ደብተር ከተዘጋ በኋላ የተነገረ ነገር የጠያቂው አይደለም፤ እንደገና ካልተፈቀደለት በቀር። ዛሬ ለእናንተ የምነግራችሁ ባለፈው ሳምንት ደውዬ አስፈቅጄ ነው። «ስሜ አይነሣ እንጂ ልጆቹ ይማሩበት» ብለውኛል።

አዲሱ ርዕሴ እንዲህ ሆነ፦ ኢትዮጵያውያን ወደ ቤታቸው በምስል ሲደውሉ የሚያሳዩትና የማያሳዩት ነገር። ማንን? በርገን ከገቡ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው፣ እናታቸው በሕይወት ያለች፣ በየሳምንቱ የሚደውሉ ስምንት ሰዎችን። የት? በሚደውሉበት ክፍል ውስጥ። መቼ? እሑድ፣ ደውለው ከጨረሱ በኋላ። የመጀመሪያዋም ጥያቄ አንዲት ነበረች፦ «ዛሬ ከመደወልህ በፊት ምን አደረግህ?»

ክፍላቸው ውስጥ መጠየቄ ምን ያህል እንደጠቀመኝ ልንገራችሁ። አንድ ወንድማችን ጠረጴዛው ላይ ያለ የስኳር ቆርቆሮ አሳየኝ። ስልኩ ሁልጊዜ የሚደገፈው እዚያ ላይ ነው። ከዚያች ቦታ የሚታየው አንድ ግድግዳና አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ አልጋው፣ ያልታጠበው ሳህን፣ የተከመረው ሻንጣ አይታይም። እርሱ ራሱ ከወገቡ በላይ ኮት ለብሷል፣ ከወገቡ በታች የጽዳት ሥራ ሱሪውን። ሌላዋ ልጅ ጀርባዋን ሰጥታው የምትቀመጠው የመጻሕፍት መደርደሪያ የእርሷ አይደለም፤ አብራት የምትኖረው ልጅ ንብረት ነው። እሑድ እሑድ ለግማሽ ሰዓት ትለምናታለች። «እናቴ መጽሐፍ ስታይ ትረጋጋለች» አለችኝ። ቢሮ ወይም ካፌ ጠርቼ ብጠይቃቸው ኖሮ ይህን ማን ይነግረኝ ነበር? እነርሱም አይነግሩኝም፣ ምክንያቱም የሚነገር ነገር አይመስላቸውም።

ከዚያ ቋንቋው መጣ። ቃለ መጠይቁ በአማርኛ፣ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። ሦስት ሰዎች፣ ሳይተዋወቁ፣ አንድ ቃል ደጋገሙብኝ፦ «በሆዴ ያዝኩት።» አንደኛዋ ደግሞ «ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት» አለችኝ። ይህን እንዴት ነው የምትተረጉሙት? «ደበቅኩት» ብትሉ በደለኛ ታደርጓቸዋላችሁ። «ዝም አልኩ» ብትሉ ሕመሙ ይጠፋል። ሆድ እኮ ለእኛ የምግብ ከረጢት ብቻ አይደለም፤ ይብሳል፣ ይባባል፣ ምሥጢር ይችላል። ቃሉን በአማርኛ እንዳለ አስቀምጬ፣ ምን ማለት እንደሆነ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩበት። አማካሪዬ ከጽሑፉ ሁሉ በእርሳስ ያሰመሩት እነዚያን ሁለት ገጾች ነው። ስለዚህ አደራ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ የሰማችሁትን ቃል ለመጣል አትቸኩሉ። ሲዳምኛም ይሁን አማርኛ፣ ወላይትኛም ይሁን ኦሮምኛ፣ ሊተረጎም ያስቸገረው ቃል ብዙ ጊዜ የጥናታችሁ እምብርት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የግድ የአገራችሁን ሰው ጠይቁ አላልኩም። ከአዳማ የመጣ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ያነጋገረው በሚኖርበት ሕንፃ ውስጥ ያሉ ኖርዌያውያን አረጋውያንን ነው። ርዕሱ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ የተራ ወረቀት ነበር። ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ሰላም የማይባባሉ ሰዎች በዚያች ወረቀት ላይ ስማቸውን እየጻፉ ለዓመታት ያለ ጠብ ተራ ይጠብቃሉ። የዚያ አገር ልጅ ይህን ለመጠየቅ አያስበውም፣ ለምዶታልና። የእኛ ልጅ ግን «ተራዎን ብወስድብዎ ምን ያደርጋሉ?» ብሎ ጠየቀ፤ አንዲት አሮጊት አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩት፤ ሲወጣም ኬክ ጠቅልለው ሰጡት። እንግዳ ሰው የማያውቀውን ቢጠይቅ አይነወርበትም። በእጃችሁ ያለ ዕድል ነው፣ ተጠቀሙበት።

ሦስተኛው፣ ስለ ጊዜና ስለ ፈቃድ። ይህን ባጭሩ እላለሁ፤ ሒሳብ ነውና ሒሳቡን ያዙልኝ።

ስምንት ሰው፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ፣ ስድስት ሰዓት ድምፅ ይሆናል። የአንድ ሰዓት ንግግር ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ አምስትና ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ 36 ሰዓት ያዙ። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሱት ቢያንስ ሌላ ያን ያህል። ይህ ሁሉ ሌሎች ኮርሶች፣ ምናልባትም የትርፍ ሰዓት ሥራ እያላችሁ ነው። አሁን ስምንቱን ሃያ አድርጉትና ራሳችሁ አስሉት። ሃያ ሰው ቀርጾ አሥራ ሁለቱን ሳያዳምጥ ያስረከበ ተማሪ አውቃለሁ። እነዚያ አሥራ ሁለት ሰዎች ጊዜያቸውን ሰጥተውታል፤ አንዳንዶቹ አልቅሰው ነግረውታል። ማንም አልሰማቸውም። ይህ እኔን ከውጤት ማነስ በላይ ያሳዝነኛል።

ፈቃድ ደግሞ ወረፋ አለው። እኔ በነበርኩበት አገር የሰው ድምፅ ልትቀርጹ ከሆነ መረጃ መሰብሰብ ከመጀመራችሁ ቢያንስ 30 ቀን ቀድማችሁ ማሳወቅ አለባችሁ። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ በደንቡ መሠረት ድምፅ የሰው የግል መረጃ ነው። ስለ ጤና፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ዘር ምንጭ፣ ስለ ፖለቲካ አመለካከት ከጠየቃችሁ ደግሞ ጥበቃው ይጠነክራል፣ ምርመራው ይረዝማል። ይህ ቢሮክራሲ መስሏችሁ እንዳትማረሩ። እ.ኤ.አ. በ1947 የኑረምበርግ ድንጋጌ፣ በ1964 ደግሞ የሄልሲንኪ መግለጫ የመጡት ሰዎች ሳይጠየቁና ሳይፈቅዱ የሕክምና ሙከራ መሣሪያ ስለተደረጉ ነው። የስምምነት ቅጹን ስታዘጋጁ ያንን አስቡ።

የእኛ ሰው ፊርማ ይፈራል። «ለምን ልፈርም? ወረቀቱ የት ይሄዳል?» ቢላችሁ አትደነቁ፣ አትጫኑትም። ትምህርት ቤታችሁ ከፈቀደ ስምምነቱን በቃሉ እንዲናገርና እንዲቀረጽ አድርጉ። «መሐል ላይ ብታቋርጡኝ ቅር አይለኝም» በሉት፤ ስትሉትም ከልባችሁ ይሁን።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የጥገኝነት ጥያቄያቸው ያልተወሰነላቸውን ወገኖቻችንን ለአንድ ሴሚስተር የቤት ሥራ ርዕስ አታድርጓቸው። ታሪካቸው ይስባል፣ አውቃለሁ። አንድ የተሳሳተ ዝርዝር፣ አንድ የታወቀ ድምፅ፣ አንድ በስሕተት የወጣ ፋይል ግን እነርሱን ዕድሜ ልክ ሊያስከፍላቸው ይችላል፤ እናንተ ደግሞ በሰኔ ውጤት ተቀብላችሁ ትሄዳላችሁ። ሻይ ጋብዟቸው። ደብዳቤ ተርጉሙላቸው። መቅረጫውን ግን ቤት ተዉት።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ፣ አስተባባሪዋ ሰዓቷን እያየች ነው። ለሻይ ከመውጣታችን በፊት አንድ ነገር አብረን እንሥራ። ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። ወላጆችም ትሳተፋላችሁ። ወደ ቀኝ ዙሩና አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ፈቃዱን ጠይቁ። ከፈቀደላችሁ «እንዴት ነህ?» አትበሉት። «ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጣ በር ላይ ማን ቆሞ ነበር? ምን አለህ?» በሉት። ከዚያ «ከዚያስ?» ብቻ እያላችሁ አዳምጡ። አሥር ደቂቃ አላችሁ።

ማንን? አጠገባችሁ ያለውን። የት? እዚሁ። መቼ? አሁን። ጀምሩ።